ላፕቶፕ መቼ ይገዛ? የተማሪ ወጪና የትምህርት ጊዜ ስሌት



የዛሬው ርዕሳችን በመጀመሪያ እይታ የገበያ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ለብዙ የደቡብ ወሎ ቤተሰብ ግን ላፕቶፕ ተራ ዕቃ አይደለም። አንዱ ቤት በሬ ሸጦ፣ ሌላው የዕቁብ ዕጣ እስኪደርሰው ጠብቆ፣ ሌላው ደግሞ ዓረብ አገር የምትሠራ እኅት ከደመወዟ ቆጥባ ልካለት ይገዛዋል። በዩኒቨርሲቲ ቆይታ ውስጥ ይህን ወጪ ሁለት ጊዜ ማውጣት የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ነው። ስለዚህ «የትኛውን ልግዛ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «መቼ ልግዛ?» የሚለው መመለስ አለበት።

መልሱን ከሚወስኑት ነገሮች የመጀመሪያው የትምህርት ክፍል ነው። አዲስ ገቢ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው በጋራ ትምህርቶች ነው፤ የክፍል ድልድሉም የሚታወቀው ይህ ጊዜ ከተጋመሰ ወይም ከተጠናቀቀ በኋላ ነው። በዚህ ወቅት የሚያስፈልገው ማንበብ፣ መጻፍና አነስተኛ የቤት ሥራ ማዘጋጀት ስለሆነ ስልክና የግቢው ኮምፒዩተር ክፍል አብዛኛውን ያሟላሉ። ከድልድሉ በኋላ ግን ፍላጎቱ በእጅጉ ይለያያል። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሜካኒካል ምሕንድስና የሚማር ተማሪ እንደ ሶሊድወርክስ ያሉ ከባድ የንድፍ ሶፍትዌሮችን ለማስኬድ 16 ጊጋባይት ራምና የተሻለ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ደሴ ግቢ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ የሆነ እኩያው ደግሞ ለጽሑፍና ለኤስፒኤስኤስ 8 ጊጋባይት ይበቃዋል። ድልድሉ ሳይታወቅ የገዛ ወይ ከማያስፈልገው በላይ ይከፍላል፣ ወይም የማይበቃውን ይዞ ይቀራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። በሌላው ዓለም የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ታገሥ፣ ቴክኖሎጂ ከጊዜ ጋር ይረክሳል» የሚል ነው። ይህ ምክር በእኛ አገር ሳይመረመር ሊወሰድ አይገባም፤ ምክንያቱም ላፕቶፕ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው የውጭ ምንዛሪን ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለማነጻጸር ያህል፣ የ400 ዶላር ማሽን በ57 ብር ሲሰላ 22,800 ብር ይሆናል። ዋጋው በዶላር አንድ አምስተኛ ወርዶ 320 ዶላር ቢሆን እንኳ በ100 ብር ሲሰላ 32,000 ብር ይደርሳል። በእርግጥ ብዙ ነጋዴዎች ቀድሞም ዋጋቸውን የሚያሰሉት በትይዩ ገበያው ምንዛሪ ስለነበር የሱቁ ዋጋ በዚያው ልክ በአንድ ሌሊት አልዘለለም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ ፍላጎቱ ከታወቀና ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ «ይረክስ ይሆናል» ብሎ ብር ይዞ መቆየት የራሱ ዋጋ አለው። በአንጻሩ ፍላጎቱ ሳይታወቅ ከሁለት ዓመት በፊት ገዝቶ ማስቀመጥም የባትሪውን ዕድሜና የዋስትናውን ጊዜ በከንቱ መብላት ነው።

ሦስተኛው የማሽኑ ትውልድ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኢንቴል ፕሮሰሰር ላላቸው ማሽኖች በይፋ የሚጠይቀው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ የተሠራውን ነው። ስለዚህ በገበያው «ስላሽ» ከሚባሉት ያገለገሉ ላፕቶፖች መካከል በጣም ርካሽ የሆኑት ብዙውን ጊዜ ይህን መስፈርት የማያሟሉ ናቸው። ማሽኖቹ መሥራታቸውን አያቆሙም፤ ነገር ግን የደኅንነት ማሻሻያ እየራቃቸው ይሄዳል። እንዲህ ያለውን መግዛት የሚያዋጣው እንደ ኡቡንቱ ባለ የሊኑክስ ሥርዓት ለመጠቀም ለወሰነ ተማሪ ነው። ኦቶካድን የመሰለ በዊንዶውስ የሚሠራ ሶፍትዌር ግድ ለሚሆንበት ግን አያዋጣም።

አራተኛው በእጅ ያለው ማሽን ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ከመግዛቱ በፊት የዘገየበትን ምክንያት ይመርምር። ተሽከርካሪውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መተካት፣ የሚቻል ከሆነ ራም መጨመር፣ የማቀዝቀዣውን አቧራ ማጽዳት ብዙ ማሽኖችን ለተጨማሪ ሁለትና ሦስት ዓመት ያቆያል። የምመክረው መለኪያ ይህ ነው፦ የጥገናው ወጪ ሁሉ ተደምሮ የሚበቃ ሌላ ማሽን ከሚሸጥበት ዋጋ ሲሶውን ካለፈ፣ ወይም ዋናው ቦርድ ከተበላሸ፣ መጠገኑን ትቶ መግዛት ይሻላል።

ባትሪው ለብቻው ሊታይ ይገባል። የሊቲየም ባትሪ በተለምዶ ከ300 እስከ 500 ሙሉ የኃይል መሙላት ዑደት በኋላ ከዐቅሙ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አሠሩት፤ በዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርትም ሲሠራ የነበረውን ዐቅምና አሁን የሚይዘውን አነጻጽሩ።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ትክክለኛውን ወቅት ማመልከት እንችላለን። ተመራጩ ጊዜ ድልድሉ ከታወቀ በኋላ፣ የሙያ ኮርሶቹ ከመጀመራቸው በፊት ያለው ዕረፍት ነው። በዚያን ጊዜ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያሉትን ሱቆች ለማወዳደር፣ ማሽኑን ለመፈተሽና ጉድለት ቢገኝ በዋስትናው ለመመለስ ፋታ አለ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ማስረከቢያ ሳምንት ላይ መግዛት ለሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው፤ ሻጩም የገዢውን ጭንቀት ያነባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና በኮምፒዩተር የሚሰጥ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ለፈተናው የግል ላፕቶፕ አያስፈልግም፤ የለመደ እጅ ግን ያስፈልጋል።

የግቢው ኮምፒዩተር ክፍል ሁልጊዜ ይኖራል ብሎ ማሰብም እንደማይቻል አይተናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዘርፈዋል። የግል ማሽንም ቢሆን ይሰረቃል፣ ይወድቃል። ስለዚህ ከመግዣው ገንዘብ ላይ ለፍላሽ ወይም ለውጫዊ ዲስክ ጥቂት አስቀሩ። ማሽን ይተካል፤ የጠፋ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን አይተካም።

በመጨረሻም ለባልደረቦቼ መምህራን አንድ ሐሳብ አለኝ። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የሚጠቀምባቸውን ሶፍትዌሮችና የሚጠይቁትን ዝቅተኛ የማሽን ዐቅም በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ተማሪው ለዕረፍት ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ቢለጥፍ ምንም ወጪ አይጠይቅም። ያቺ ገጽ በሬው ከመሸጡ በፊት ቤተሰቡ እጅ ከገባች፣ ገንዘቡ የሚገባውን ማሽን ይገዛል።