የጦር መሣሪያ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም፦ ቴክኖሎጂ በአደን ላይ ያመጣው ለውጥ

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጠርዝ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ከተማው ከእርሻና ከደን ጋር ይዋሰናል። ምሽት ላይ ጅብ ጥንብና ቆሻሻ ፍለጋ ወደ መንደር ይገባል። በስተ ምዕራብ በሚታየው የወጨጫ ተራራ ላይ በሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ደግሞ ጉሬዛ፣ የምኒልክ ድኩላና ነብር ይኖራሉ። በመሆኑም የአደን ሕግ ለሩቅ አገር ሰው ብቻ የወጣ ሊመስል አይገባም። የጦር መሣሪያ ፈቃድ ያለው ነዋሪ ጅብ ሲያስቸግረው ወይም ድኩላ ሲያጋጥመው ተኩሶ መግደል ይችላል? አይችልም። ምክንያቱን ለመረዳት መሣሪያው ራሱ አደንን እንዴት እንደለወጠው ማየት ይጠቅማል።

በቀደመው ዘመን እንስሳትን የጠበቃቸው የአደኑ አስቸጋሪነት ነበር። ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ በጦር የገደለ ሰው ሕይወቱን አስይዞ ስለሆነ በአገሩ ይከበራል፣ ይሸለማል፣ ይፎከርለታል። ገዳዮቹም በዚያው ልክ ጥቂቶች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ውጅግራና ምንሽር በብዛት ወደ አገር ሲገቡ ግን ክብሩ እንደነበረ ቀጥሎ አስቸጋሪነቱ ቀረ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የዝሆን ጥርስ ከቡና፣ ከቆዳና ከዝባድ ጋር ከዋና ዋና የውጭ ንግድ ዕቃዎች አንዱ ነበር፤ የዝሆን መንጋም ከብዙ አካባቢዎች እየተመናመነ ሄደ። የጠመንጃው ርቀት የተፈጥሮን አጥር ሲያፈርስ በቦታው መቆም የሚችለው ሕግ ብቻ ሆነ። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ በየዘመኑ የወጡት የዱር እንስሳት ሕጎች መነሻቸው ይኸው ነው።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ነው። አዋጁን በፌዴራል ደረጃ የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሲሆን፣ ክልሎችም በየአካባቢያቸው ኃላፊነት አለባቸው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ስፖርታዊ አደንን ስትከለክል፣ ኢትዮጵያ ግን በቁጥጥር የሚካሄድ አደንን መርጣለች። በዚህ አሠራር አደን የሚፈቀደው በተለዩ የአደን ቀበሌዎች፣ በተወሰነ ኮታና በክፍያ ነው። በአርሲና በባሌ ተራሮች የሚገኘውና በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይኖረው የደጋ አጋዘን (ኒያላ) ከዚህ አሠራር ጋር ስሙ በብዛት ይነሳል፤ የሚታደነውም ወንዱ ብቻ ነው። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን የተከለከለ ነው። በአዲስ አበባ ክልል ውስጥም የአደን ቀበሌ የለም።

ለዚህ ሕጋዊ አሠራር ቴክኖሎጂው የሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። በጠመንጃ ላይ የሚገጠም አጉሊ መነጽር አዳኙ ከመተኮሱ በፊት የእንስሳውን ጾታ፣ ዕድሜና የቀንድ መጠን እንዲለይ ይረዳዋል። በትክክል የተነጣጠረ ጥይትም ቆስሎ በጫካ የሚሰቃይ እንስሳን ቁጥር ይቀንሳል። በዛፍ ላይ ታስሮ በእንቅስቃሴ የሚቀሰቀስ ካሜራ በዓይን የማይታዩትን የሌሊት እንስሳት ያስቆጥራል። ጂፒኤስ የያዘ ስካውት የአደን ቀበሌው ድንበር የት እንደሚያበቃ ከአዳኙ ጋር አይከራከርም። ኮታ ትርጉም የሚኖረው ቆጠራው ሲታመን ብቻ በመሆኑ ከእነዚህ ሁሉ ትልቁን ስፍራ የሚይዘው የቆጠራው መሻሻል ነው።

ጉዳቱ ግን ከዚሁ መሣሪያ ይመነጫል። በሌሊት በባውዛ ብርሃን ዓይኑ የፈዘዘ ድኩላ ከቆመበት አይንቀሳቀስም። ሞተር ሳይክል የሁለት ቀን መንገድን ወደ ሁለት ሰዓት ያሳጥራል። ስካውቶች ለቅኝት የሚጠቀሙበት ስልክ ለሕገ ወጥ አዳኞች የስካውቶቹን እንቅስቃሴ ይነግራል። ከሁሉ የከፋው ምናልባት ድምፅ የሌለው መሣሪያ፣ ማለትም መርዝ ነው። ለጅብ ወይም ለባዘነ ውሻ ተብሎ በጥንብ ላይ የሚደረግ ኬሚካል ጅቡን ብቻ ለይቶ አይገድልም። ጥንቡን የሚበሉ አሞሮችንና የጎረቤት ውሾችን ይጨርሳል፣ ሕፃናትንም ለአደጋ ያጋልጣል። በከተማ ዳርቻ የሚኖሩ ነዋሪዎች ከጠመንጃ ይልቅ ሊጠነቀቁት የሚገባው ይህንን ነው።

ሌላው አዲስ ነገር ገበያው ወደ ስልክ መግባቱ ነው። ቀድሞ የነብር ቆዳ ወይም የዝሆን ጥርስ ጌጥ የሚፈልግ ሰው ሱቅ መሄድ ነበረበት፤ ዛሬ ፎቶግራፉ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይዘዋወራል። ሻጩ "የቆየ የቤተሰብ ዕቃ ነው" ቢልም ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ራሱ ጥፋት ነው። በአዋጁ መሠረት ጥፋተኛ የተባለ ሰው ከብር 5,000 እስከ 30,000 መቀጮ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም ሁለቱም ይወሰንበታል። ኢትዮጵያ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ ያቃጠለችው ዕቃው ዳግመኛ ገበያ እንዳያገኝ ነው። በሌላ በኩል፣ ገዳዩ ለፉከራ በማኅበራዊ ገጹ የሚለጥፈው ፎቶግራፍ ለመርማሪ ማስረጃ መሆኑ አልቀረም።

በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የሚሰጥ የጦር መሣሪያ ፈቃድ መሣሪያውን ለመያዝ ብቻ ያገለግላል። የአደን ፈቃድ ከዚህ የተለየ ሲሆን የሚጠየቀውም ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። በፈቃዱ ላይ የሚታደነው እንስሳ ዓይነት፣ ቦታውና ጊዜው ይገለጻሉ፤ ከዚያ ውጭ የተደረገ አደን ያለ ፈቃድ እንደተደረገ ይቆጠራል። ሕይወትን ከቅጽበታዊ አደጋ ማዳን በወንጀል ሕግ ራሱን ችሎ የሚታይ ጉዳይ በመሆኑ ከአደን ጋር መምታታት የለበትም።

ጅብ በተደጋጋሚ የሚያስቸግራቸው የኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪዎች ለወረዳ አስተዳደራቸው ወይም ለፖሊስ ቢያመለክቱ ጉዳዩ ለባለሥልጣኑ ባለሙያዎች ይተላለፋል። አመልካቹ እንስሳው የታየበትን ቦታ፣ ሰዓቱንና የደረሰውን ጉዳት ቢገልጽ ሥራውን ያፋጥናል። በአካባቢው ክፍት የቆሻሻ መጣያ ወይም የወደቀ የከብት ጥንብ ካለም አብሮ ሊነገር ይገባል፤ ጅቡን የሚስበው እርሱ ነውና። የዱር እንስሳ ውጤት በስልክ ሲሸጥ ያየ ሰው ከሻጩ ጋር ክርክር ውስጥ ሳይገባ የመልእክቱን፣ የመለያ ስሙንና የቀኑን ምስል አስቀርቶ ለፖሊስ ማቅረብ ይችላል። ምስሉን ለሌሎች ማሰራጨት ግን ሻጩ መልእክቱን አጥፍቶ እንዲሰወር ጊዜ ይሰጠዋል።