የተላጠ በለስ ስንት ቀን ይቆያል?

ክረምት ሲገባ በለስ ሻጮች በየመንገዱ ዳር ብቅ ይላሉ። ሻጩ ሁለቱን ጫፍ ቆርጦ፣ ልጣጩን በአንድ ስንጥቅ ገልብጦ ፍሬውን ያቀብላል። እዚያው ቆመው ሲበሉት ጣጣ የለውም። ተላጦ ለልጆች ወደ ቤት ሲወሰድ ግን ጥያቄ ይነሳል፤ እስከ መቼ ይቆያል? ጥቅሙስ አብሮት ይቆያል?

የበለስ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ወደ እኛ ዘንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በካቶሊክ ሚሲዮናውያን እጅ፣ በአጋሜ በኩል እንደገባ ይነገራል። ዛሬ በትግራይና በዋግ፣ ጎተራ በሚራቆትበት ክረምት ብዙ ቤተሰብ የሚደገፍበት ፍሬ ነው። ቫይታሚን ሲ፣ ፖሊፊኖል፣ እንዲሁም ቢጫና ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው ቤታሌይን አሉት። ሦስቱም አንቲኦክሲዳንት ይባላሉ፤ የሰውነታችንን ሕዋሳት ከጉዳት የሚከላከሉ ናቸው።

በጣሊያን የሳርዲኒያ ደሴት ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትሸው ውጤቱን በ2003 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የተላጠ በለስ በፕላስቲክ አሽገው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ9 ቀን አቆዩት። ፖሊፊኖሉ ቀነሰ፤ ቫይታሚን ሲውና አጠቃላይ የአንቲኦክሲዳንት አቅሙ ግን አልተነካም። ቫይታሚን ሲ ከተላጠና ከተቆረጠ ፍራፍሬ ቶሎ የሚጠፋ በመሆኑ ውጤቱ ደስ የሚያሰኝ ነው።

ታዲያ 9 ቀን ይቀመጥ ማለት አይደለም። በለስ እንደ ሎሚና ብርቱካን አሲድ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስኳሩ ደግሞ ብዙ ነው። ለባክቴሪያ ከዚህ የተመቸ ማዕድ የለም። ስለዚህ ቫይታሚኑ ሳይጠፋ ፍሬው ሊበላሽ ይችላል። ከነልጣጩ በንጹሕ ውኃ በደንብ ይጠቡት፤ እሾሁም አብሮ ይለቃል። ቢላዋውንና እጅዎን ይታጠቡ። ሳይከትፉ፣ ሙሉውን በክዳን ዕቃ አድርገው ወዲያው ፍሪጅ ያስገቡት። እኔ በቤቴ ከሁለት ቀን አላሳልፈውም።

ፍሪጅ የሌለው ቤትስ? ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የወገራዋ አምባ ጊዮርጊስ ብርዷ የታወቀ ነው። ሌሊቱን ያስተዋለ ሰው የተላጠውን በለስ ጓዳ ማሳደር ያምረው ይሆናል። ፀሐይ ስትወጣ ግን የጓዳው ሙቀት ከ4 ዲግሪ ብዙ ይርቃል፤ ለተላጠ ፍሬ አይበቃም። ላልተላጠው ግን የደጋው ጓዳ ይስማማዋል፤ እንዲያውም ብዙ ቀን ፍሪጅ የከረመ ያልተላጠ በለስ ልጣጩ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ከነልጣጩ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቅርጫት አኑረው፣ ሊበሉት ሲሉ ብቻ ይላጡት። መብራት ረጅም ሰዓት ከጠፋብዎ ደግሞ ከፍሪጁ ቀድሞ መውጣት ያለበት የተላጠው በለስ ነው።