ጐርፍ የነካውን አውቶሞቢል ከመግዛት በፊት ስለ መመርመር

ያገለገለ አውቶሞቢል ለመግዛት የሚያስብ ቤተ ሰብ ብዙውን ጊዜ የብዙ ዓመት ቁጠባውን በአንድ ቀን ከእጁ ያወጣል። ስለዚህ የአውቶሞቢሉን ቀለም፣ የጎማውን ሁኔታና የሞተሩን ድምፅ ይመረምራል፤ መመርመሩም መልካም ነው። ነገር ግን በመጀመሪያ እይታ የማይታወቅ አንድ ክፉ ጉዳት አለ። ይኸውም በጐርፍ ውስጥ የዋለ አውቶሞቢል ከታጠበና ከደረቀ በኋላ በውስጡ ይዞት የሚቀረው ጉዳት ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጉዳት ለይቶ ለማወቅ የሚረዳውን ዘዴ ለአንባብያን ለመግለጽ እንወዳለን።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ታላቅ ዝናብ ወረደ፤ በአል ዐይን አካባቢም ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ 254 ሚሊሜትር ያህል ተለካ። በዚያ አገር የዝናብ መጠን መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲህ ያለ ዝናብ አልታየም ነበር። በዱባይ አውራ ጎዳናዎች ላይ ብዙ አውቶሞቢሎች ውሃ ውስጥ ቆመው ቀሩ። በዚያው ወር በናይሮቢም ብርቱ ጐርፍ ደርሶ ነበር። በአሜሪካም በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ካትሪና፣ በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ደግሞ ሃርቪ የተባሉት ማዕበሎች በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ተሽከርካሪዎችን አበላሽተዋል። ከእነዚህም መካከል አንዳንዶቹ ታጥበውና አምረው፣ ታሪካቸውን ለማያውቅ ገዢ እንደ ደኅና ዕቃ ተሸጠዋል። በአገራችንም በክረምት ወራት መንገድና ግቢ በውሃ ሲሞላ አውቶሞቢሎች መነካታቸው አይቀርም። አውቶሞቢሉ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቍጥርም የደረሰበት ነገር እየተረሳ ይሄዳል።

ውሃ አውቶሞቢልን የሚጎዳው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ወደ ሞተሩ የገባ እንደሆነ ይሰብረዋል። ሞተር አየር ሊጨምቅ ተሠራ እንጂ ውሃ ሊጨምቅ አልተሠራም፤ ውሃም ተጨምቆ የማያንስ ስለሆነ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ ይጐብጣል። ሁለተኛ፣ ውሃ በኤሌክትሪክ ሽቦዎችና መጋጠሚያዎች ውስጥ ገብቶ ያዝጋቸዋል። ሦስተኛ፣ ከጐርፉ ጋር የመጣው ጭቃ እጅ በማይደርስበት ስፍራ ተቀምጦ ርጥበት ይይዛል። ከእነዚህ ሁሉ የሚያሳስበው ዝገቱ ነው፤ ዝገት አውቶሞቢሉ ከደረቀ በኋላም ሥራውን አያቆምምና። ዛሬ በደንብ የሚሄደው አውቶሞቢል ከጥቂት ወራት በኋላ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ በግጭት ጊዜ ሊያድን የሚገባው ኤርባግ የተባለው የአየር ከረጢት ሳይነፋ ሊቀር ይችላል። የባሕር ውሃ የነካው እንደሆነ ጨው ስላለበት ጉዳቱ ፈጣን ነው።

እንግዲህ ገዢ ምን ማድረግ ይገባዋል? ሻጭ የሚያጥበው የሚታየውን ክፍል ነው፤ ስለዚህ ገዢ መመልከት የሚገባው እጥበት የማይደርስበትን ስፍራ ነው። ይህን አንድ ሐሳብ በልቡ የያዘ ሰው ሌላውን በቀላሉ ያገኘዋል።

ምርመራው በአፍንጫ ይጀምር። የአውቶሞቢሉ መስኮቶች ተዘግተው ጥቂት ከቆዩ በኋላ በሩን ከፍቶ ማሽተት ያስፈልጋል። የሻጋታ ሽታ መልካም ምልክት አይደለም፤ ከልክ ያለፈ የሽቶ መዓዛም ሌላ ሽታ ለመሸፈን የተረጨ ሊሆን ስለሚችል ጥያቄ ያስነሣል። ቀጥሎም የወለሉን ምንጣፍ ጠርዝ አንሥቶ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ በእጅ መጫን ነው። ላዩ ደርቆ ሥሩ ረጥቦ ይገኛል። አሮጌ አውቶሞቢል ውስጥ ምንጣፉ ብቻ አዲስ ሆኖ ከተገኘ፣ ለምን እንደ ተለወጠ መጠየቅ ይገባል።

ከዚህ በኋላ የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ድረስ ስቦ ማውጣት ነው። አጣቢው የሚያጸዳው ከውጭ ያለውን ክፍል ብቻ ስለሆነ ተጠቅልሎ የነበረው ክፍል የጭቃ እድፍ ወይም ውሃው የደረሰበትን መስመር ያሳያል። መቀመጫው የሚንሸራተትበት ሐዲድና ከወለሉ ጋር ያሰሩት ብሎኖች ዝገው እንደሆነ በባትሪ መብራት ይታይ። ብሎኖቹ በቅርቡ የተፈቱ መስለው ከታዩ ደግሞ መቀመጫዎቹ ወጥተው የነበረበት ምክንያት ይጠየቅ። ከኋላ በዕቃ መጫኛው ውስጥ መለዋወጫ ጎማው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ጭቃ የሚጠራቀምበት ስለሆነ ጎማው ወጥቶ ይመርመር። የፊት መብራቶቹም መስታወት በውስጡ ጉም ወይም የውሃ መስመር ይዞ እንደሆነ መመልከት አይዘንጋ።

ወደ ሞተሩ ሲመጣ በቅድሚያ የዘይት መለኪያውን አውጥቶ የዘይቱን መልክ ማየት ነው። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከተገኘ ውሃ ተቀላቅሎበታል ማለት ነው። ሆኖም ይህ ምልክት ከሌላ የሞተር ብልሽትም ሊመጣ ስለሚችል ፍርዱን ለመካኒክ መተው ይሻላል። የአየር ማጣሪያው ወረቀት ተጨማዶ ወይም ጭቃ መስሎ ከታየም ውሃ በአየር መግቢያው በኩል አልፎ ሊሆን ይችላል። እጅ በማይደርስበት የሞተሩ ጥግና በሽቦዎቹ መካከል የደረቀ ደለል መኖሩም ይመርመር።

የኤሌክትሪኩን ነገር ለመመርመር ትዕግሥት ያስፈልጋል። መብራቱ፣ ፍሬቻው፣ የዝናብ መጥረጊያው፣ ራዲዮው፣ መስኮቱና ማሞቂያው ሁሉ አንድ በአንድ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ይሞከሩ። ቍልፉ ሲዞር በዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግና የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራቶች በርተው ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ መጥፋት አለባቸው። ጨርሶ ያልበራ መብራት፣ በርቶ ከማይጠፋው የበለጠ ሊያሳስብ ይገባል፤ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላልና። ከዳሽቦርዱ ሥር ያሉትን ጥቂት ሽቦዎች በቀስታ ማጠፍም ይጠቅማል፤ ውሃ ነክቷቸው የደረቁ ሽቦዎች ሲታጠፉ ሊሰነጠቁ ይችላሉ።

በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ አውቶሞቢል ለሚገዛ ሰው ጥንቃቄው እጥፍ ነው። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ኢያን የተባለው ማዕበል የአሜሪካን የፍሎሪዳ ግዛት በመታ ጊዜ የባሕር ውሃ የገባባቸው አንዳንድ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ውሃው ከሸሸ ከቀናት በኋላ በእሳት ተያይዘዋል። ስለዚህ ባትሪው ውሃ የገባበት አውቶሞቢል በሙያው የሠለጠነ ሰው ሳይመረምረው ከቤት አጠገብ ሊቆም አይገባውም።

ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በአሜሪካና በአውሮፓ፣ ውስጡ መኝታና ማብሰያ ያለው ቤት መሰል አውቶሞቢል የሚገዙ ቤተ ሰቦች አሉ። እንዲህ ላለው ከላይ የተናገርነው ሁሉ እንደ ተጠበቀ ሆኖ ግድግዳውና ወለሉም ይመርመር። በብዙዎቹ ግድግዳ ውስጥ እንጨትና ስፖንጅ ስለሚገኝ ውሃ ከገባ ከውስጥ ይበሰብሳል። ወለሉ በእግር ሲረገጥ ከሰጠመ፣ ግድግዳው በጣት ሲጫኑት ከለሰለሰ ወይም ሣጥኖቹ አብጠው አልዘጋ ካሉ ጥርጣሬ ይገባል። የጋዝ ምድጃውንና የውሃ ማሞቂያውንም ዐዋቂ ሰው ሳይመረምራቸው ማቀጣጠል አይገባም።

ይህን ሁሉ ስንናገር ርጥበት የታየበትን አውቶሞቢል ሁሉ ጐርፍ ወስዶት ነበር ማለታችን አይደለም። በበሩ ጎማ ማርጀት ምክንያት ዝናብ ሊገባ፣ በአንድ ስፍራም ዝገት ሊታይ ይችላል። አንድ ምልክት ጥያቄ ያስነሣል፤ ሦስትና አራት ምልክቶች በአንድነት ሲገኙ ግን መልስ ይሰጣሉ። ጐርፍ እንደ ነካው አስቀድሞ የሚናገር ሻጭም ሊመሰገን ይገባል፤ ገዢው ዋጋውንና ጉዳቱን አመዛዝኖ በፈቃዱ እንዲወስን አድርጎታልና።

የአውቶሞቢሉ ወረቀትም ከአካሉ ጋር አብሮ ይመርመር። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቍጥር በአካሉ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከየት አገርና መቼ እንደ ገባም በጉምሩክ ወረቀቱ መረዳት ያስፈልጋል። ከታላቅ ጐርፍ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከዚያ አገር የመጣ፣ ዋጋውም ከገበያው እጅግ ያነሰ ከሆነ ነገሩ በጥንቃቄ ይታይ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ስለ ሸጠው ዕቃ ጉድለት ኀላፊ የሚሆንበትን፣ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ የሚገባውን ሥርዓት ደንግጓል። ስለዚህ አውቶሞቢሉ ውሃ እንዳልገባበት የሚገልጽ ቃል በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ መጠየቅ ነውር አይደለም። ይህን ቃል ለመጻፍ የሚያመነታ ሻጭ ቢኖር ማመንታቱ ራሱ መልስ ነው።

በመጨረሻም ገዢው ራሱ የመረጠውን መካኒክ ይዞ ይሂድ፤ ሻጩ ወይም ደላላው የሚያቀርበው ሰው አይበቃም። አውቶሞቢሉ በጋራዥ ውስጥ ከፍ ተደርጎ ሥሩ ይታይ፤ ሻጩ ይህን ከከለከለ ገንዘብን ይዞ መመለስ ኪሳራ አይደለም። ባልና ሚስትም ዋጋውን ከመክፈላቸው በፊት አንድ ሌሊት ቢያድሩበት መልካም ነው። ለመካኒክ የሚከፈለው ጥቂት ብር የቤተ ሰቡን ቁጠባ፣ ከዚያም በላይ ከኋላ የሚቀመጡትን ልጆች ሕይወት ይጠብቃል። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዳሉት ሁሉ፣ ከመግዛትም መመርመር ይቅደም እንላለን።