«እዚህ የማይጠጣ የለም»



ልጅዎ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ገባ እንበል። ቅዳሜ ማታ ከጣና ዳር ሞቅ ብሏቸው የሚመለሱትን ልጆች ያያል፤ ጩኸታቸውንም ይሰማል። ቤተ መጻሕፍት ያመሸውንና በጊዜ የተኛውን ግን ማን ያየዋል? ስለዚህ «እዚህ የማይጠጣ የለም» ብሎ ያምናል።

ይህን ዓይነቱን የተሳሳተ ግምት ፐርኪንስና በርኮዊትዝ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 አሳይተዋል። ተማሪው ጓደኞቹን ከእውነታው ይልቅ ለመጠጥ የላሉ አድርጎ ይገምታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች «አብዛኛው ተማሪ ሲዝናና ከ5 መጠጥ በታች ነው የሚወስደው» የሚል ዓይነት ፖስተር ለጠፉ። ሠራ ወይ? እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ግምገማ መጠጥ መቀነሱን አላገኘም። በ2006 በ18 ኮሌጆች የተደረገ ጥናት ጥቅም አሳየ፤ በ2009 በሌሎች ኮሌጆች ሲደገም ግን ውጤቱ ጠፋ። በ2015 ደግሞ 70 ጥናቶችን ያገናዘበው የኮክሬን ግምገማ ለውጡ ይህን ያህል የሚረባ አይደለም አለ።

ለእኛማ ሌላም ችግር አለው። ቀምሶ ለማያውቅ ልጅ «ከ5 በታች» ማለት «4 ይፈቀዳል» ሆኖ ይሰማዋል። ኸምር ጥቂቱም ብዙውም ሐራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን እንደሌለ ገልጿል።

በእኔ አስተያየት ከፖስተር ይልቅ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይሻላል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም እንዲሁ። (ጠጅ ቤት መታወቂያ የሚጠይቅ ማን እንደሆነ እንጃ!)

ወላጆች የምንዘነጋው ግን ጫቱን ነው። የባሕር ዳር ጫት እዚያው ዙሪያውን ይበቅላል። «ለጥናት» ብሎ የቃመ ልጅ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለው ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይሄዳል። ሐራሙን የሚፈራው ልጅ ሳይቀር በዚህ በር ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ስልክ ሲደውሉ «ትጠጣለህ ወይ?» ብለው አያፋጡት፤ መልሱ «ኧረ በፍጹም» ነው። በፈተና ሰሞን እንዴት እንደሚያነብ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ቅዳሜን ከማን ጋር እንደሚያሳልፍ ይጠይቁት። ከዶርሙ የማይጠጡትን በስም እንዲቆጥርልዎ ያድርጉ፤ ምናልባት ቁጥሩ ራሱን ያስገርመው ይሆናል። ሱብሒን አብሯቸው የሚሰግድ የጀመዓ ጓደኞች ካሉትም ስልካቸውን ይያዙ።