ያሮስላቭል፤ ጎዳናዎቿ ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመሩ የቮልጋ ከተማ

አባቶቻችን የመስኮብ አገር ይሉት በነበረው በሩሲያ ምድር 3,530 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ካስፒያን ባሕር የሚገባው ቮልጋ በግራና በቀኙ ብዙ የታወቁ ከተሞች ይዟል። ከእነዚህ አንዷ ከሞስኮ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ያሮስላቭል ናት። ኮቶሮስል የሚባል አነስተኛ ወንዝ ከቮልጋ ጋር በሚገናኝበት፣ እንደ ጦር ጫፍ በሾለ መሬት ላይ ተቆርቁራለች። የጥንት ሕንጻ ለማየት የሚፈልግ መንገደኛ በእግሩ እየተዘዋወረ የአራት መቶ ዓመት ሥራ በአንድ ቀን ሊመለከትባት ይችላል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሕንጻዎች እስከ ዛሬ የቆዩት በግንባቸው ጥንካሬ ብቻ አይደለም። በየዘመኑ «ይህ ይቁም፤ ያ ይፍረስ» ብለው የወሰኑ ሰዎች ነበሩ፤ ከተማይቱም የእነዚያን ሰዎች ውሳኔ እስከ ዛሬ በፊቷ ላይ ታሳያለች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።)

ስለ ከተማይቱ አመሠራረት የሚነገረው አፈ ታሪክ እንዲህ ነው። «ጠቢቡ» የሚል ቅጽል የተሰጠው ልዑል ያሮስላቭ ወደዚህ ስፍራ በመጣ ጊዜ ነዋሪዎቹ የሚያመልኩትን ድብ ለቀቁበት፤ እርሱም ድቡን በመጥረቢያ ገድሎ በቦታው ከተማ ቆረቆረ ይባላል። ይህም የሆነው በ1010 ነው ተብሎ ስለሚታመን በ2010 የሺህኛ ዓመት በዓሏ ተከብሯል። የከተማይቱ አርማም እስከ ዛሬ ድረስ በትከሻው ላይ መሣሪያ ያነገበ ድብ ነው።

ጎብኚው ጉዞውን ቢጀምር የሚሻለው ከኮቶሮስል ዳር ካለው የመድኃኔ ዓለም ደብረ ታቦር ገዳም ነው። በ1516 የተሠራው የገዳሙ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በከተማይቱ ውስጥ ካሉት ሕንጻዎች ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። የገዳሙ ወፍራም ቅጥር በ1609 ከተማይቱን የከበበውን የፖላንድ ጦር መክቷል። በ1612 ደግሞ ሞስኮን ከፖላንዶች እጅ ለማስለቀቅ የተነሣው የሚኒንና የፖዣርስኪ ሠራዊት አራት ወር ያህል በዚህች ከተማ ሰፍሮ ስንቁንና ሰዉን አደራጅቷል። ገዳሙ ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኖ ለሕዝብ ክፍት ነው።

ከዚያ ዘመን በኋላ የመጣው መቶ ዓመት የያሮስላቭል ወርቃማ ጊዜ ነበር። በሰሜን በኩል ከአርካንጌልስክ ወደብ የእንግሊዝና የሆላንድ ዕቃ ይመጣላታል፤ በቮልጋ በኩል ደግሞ የምሥራቁ አገር ሸቀጥ ይገባላታል። በዚህ ንግድ የከበሩ ሰዎች ከትርፋቸው እየቀነሱ ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀመሩ። በ1658 ታላቅ ቃጠሎ ተነሥቶ የእንጨቱን ምሽግና እጅግ ብዙ ቤቶችን በላ። ከዚህ በኋላ የከተማይቱ ሰው ለጡብና ለድንጋይ የነበረው ፍላጎት እየበረታ ሄደ።

ከነጋዴዎቹ ስጦታ ሁሉ የሚልቀው ከ1647 እስከ 1650 የታነጸው የነቢዩ ኤልያስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ያሠሩት በጠጉራም የአውሬ ቆዳ ንግድ የበለጸጉት የስክሪፒን ቤተሰብ ወንድማማቾች ናቸው። አምስት አረንጓዴ ጉልላቶች አሉት፤ በጎኑም ሾጣጣ የደወል ቤት ቆሟል። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ዓይን ማረፊያ ያጣል። በ1680 እና በ1681 ጉሪ ኒኪቲንና ሲላ ሳቪን የተባሉት ሠዓልያን ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በሥዕል ሸፍነውታል።

የነገሥትን መጽሐፍ ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ከእነዚህ ሥዕሎች ፊት ሲቆም አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ኤልያስ በእሳት ሠረገላ ሲያርግ ያያል፤ ኤልሳዕ የሱነማዊቱን ሴት ልጅ ከሞት ሲያስነሣ ያያል። ልጁ በታመመባት በዚያች ቀን የነበረው አጨዳ በጉልህ ተሥሏል፤ አጫጆቹም የለበሱት የእስራኤልን ልብስ ሳይሆን ቀለሙ የደመቀ የሩሲያ ገበሬ ቀሚስ ነው። ሠዓልያኑ ለንድፋቸው የተመለከቱት ፒስካቶር የተባለው ሆላንዳዊ ያሳተመውን ባለ ሥዕል መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ከሩቅ አገር በመርከብ የመጣውን የጥቁርና ነጭ ሥዕል ወስደው የራሳቸውን ሰው፣ የራሳቸውን እርሻና የራሳቸውን ቀለም አገቡበት። ከውጭ የሚመጣ ዕውቀት የራስን መልክ ሳያጠፋ እንዴት እንደሚሠራበት ለማወቅ የሚሻ ተማሪ ከዚህ ግድግዳ ብዙ ይማራል።

ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ባለጠጎች ብቻ እንዳልነበሩ ለመረዳት ደግሞ ኮቶሮስልን ተሻግሮ ወደ ቶልችኮቮ መሄድ ነው። በዚያ ሰፈር ይኖሩ የነበሩት ቆዳ ፋቂዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው ከ1671 እስከ 1687 የመጥምቁ ዮሐንስን ቤተ ክርስቲያን አሳነጹ። አሥራ አምስት ጉልላቶች ያሉት ይህ የቀይ ጡብ ሕንጻ ከ2001 ጀምሮ በወጣው የ1,000 ሩብል ወረቀት ገንዘብ ጀርባ ላይ ታትሟል፤ በፊት ለፊቱም የልዑል ያሮስላቭ ሐውልት ይታያል። ወንዞቹ ከሚገናኙበት አጠገብ ባለው በኮሮቭኒኪ ሰፈር ደግሞ የዮሐንስ አፈ ወርቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። 37 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ቀጭን የደወል ቤት ሕዝቡ «የያሮስላቭል ጧፍ» ብሎ ሰይሞታል፤ ከቮልጋ ላይ በጀልባ ሆኖ ለተመለከተው ስሙ የተገባ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገራችን እንመለስ። በ1763 ንግሥት ካትሪን ሁለተኛይቱ የሩሲያ ከተሞች ሁሉ በፕላን እንዲሠሩ አዘዘች። የያሮስላቭል ተራ ሲደርስ አሮጌው ጠማማ መንገድ ሁሉ እንዲቃና ተወሰነ። ቀጥ ያለ መንገድ የሚፈልግ መሐንዲስ ብዙውን ጊዜ በፊቱ የቆመውን አሮጌ ሕንጻ እንደ እንቅፋት ይቆጥረዋል። የያሮስላቭልን ፕላን ያወጡት ሰዎች ግን የኤልያስን ቤተ ክርስቲያን የፕላናቸው እምብርት አደረጉት። በዙሪያው ሰፊ አደባባይ ከፈቱ፤ ጎዳናዎቹንም ከዚያ እንደ ፀሐይ ጨረር አወጧቸው። ስለዚህ ዛሬ አንድ እንግዳ ከዋናዎቹ ጎዳናዎች በአንዱ ላይ ሆኖ ወደ አደባባዩ ቢመለከት እነዚያ አረንጓዴ ጉልላቶች ከፊቱ ይቆማሉ። አዲሱ ሥራ አሮጌውን አከበረ፤ አሮጌውም ለአዲሱ ጌጥ ሆነው። የከተማይቱ ታሪካዊ ክፍል በ2005 ላሊበላችን ቀደም ሲል በ1978 በተመዘገበበት በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ አንደኛው ምክንያት ይኸው ፕላን ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ውሳኔዎች ሁሉ ግን እንዲህ ያሉ አልነበሩም። በ1918 በቦልሼቪኮች ላይ የተነሣው ዐመፅ ከጁላይ 6 እስከ 21 ሲቆይ ከተማይቱ በመድፍና በአውሮፕላን ቦምብ ተደበደበች፤ ብዙው ክፍሏም ተቃጠለ። ጭሱ ሲበርድ ፒዮትር ባራኖቭስኪ የተባለ የሥነ ሕንጻ ባለሙያ መጥቶ የተጎዱትን ጥንታዊ ሕንጻዎች መጠገን ጀመረ። ያን ጊዜ ዕድሜው ገና 26 ዓመት ነበር። አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ሳለች፣ ዳቦ ራሱ በጠፋበት ወራት፣ ይህ ወጣት ለአሮጌ ግንብ የሚሆን ገንዘብና ዕቃ ይለምን ነበር። ዕድሜውን ሁሉ በዚሁ ሥራ ጸንቶ ሳለ በ1933 ታሰረና ወደ ሳይቤሪያ የእስረኞች ሰፈር ተላከ፤ ከተፈታ በኋላም ሥራውን አልተወም።

በ1937 ደግሞ ሁለቱ ወንዞች ከሚገናኙበት ሹል መሬት በላይ የቆመው ታላቁ የእመቤታችን የዕርገት ካቴድራል በባለሥልጣኖች ትእዛዝ በፈንጂ ፈረሰ። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የተሠራ፣ ቃጠሎና ጦርነት ያለፈ ሕንጻ ነበር። ጠላት አላፈረሰውም፤ ምድርም አልተናወጠችበትም። አንድ ወረቀት ተጻፈ፤ ተፈረመ፤ በቃ።

ከ67 ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ በዚያው ስፍራ አዲስ ካቴድራል መሥራት ተጀመረ፤ ለሺህኛው ዓመት በዓል በ2010 ተፈጸመ። ጉልላቶቹ በወርቅ ያበራሉ፤ ምእመናንም ይጸልዩበታል፤ ይህም ለሕዝቡ ታላቅ ደስታ እንደሆነ አይካድም። ነገር ግን አዲሱ ሕንጻ ከቀድሞው ይልቃል፤ መልኩም ያው አይደለም። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ራሱ ግዝፈቱ የአሮጌይቱን ከተማ መልክ እንዳያዛባ ሥጋቱን ገልጿል። የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን እንደገና ሊሠራ ይችላል፤ የድሮዎቹ ግንበኞች በእጃቸው ያኖሩት ጡብና በጭሱ የጠቆረው ግድግዳ ግን በ1937 አብሮ ሄዷል።

እንግዲህ ወደ ያሮስላቭል ለመሄድ ዕድል የሚያጋጥመው አንባቢ ቢኖር በመጀመሪያ ከኤልያስ አደባባይ እንዲቆም፣ ቀጥሎም ወደ አዲሱ ካቴድራል እንዲሄድ እንመክረዋለን። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው። በአንደኛው ስፍራ ፕላን አውጪዎች አሮጌውን ሕንጻ መሐል አድርገው አዲስ ከተማ ሠርተዋል፤ በሌላው ስፍራ ባለሥልጣኖች አሮጌውን አጥፍተው የልጅ ልጆቻቸው እንደገና ለመሥራት ተገደዋል። ሁለቱም ነገሮች የተጀመሩት ከጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ነገ በእንደዚህ ያለ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ፕላን የሚመረምርና የሚፈርም ወጣት እነዚህን ሁለት ቦታዎች ቢያስታውስ መልካም ይመስለናል።