ዲያስቶሊክ የልብ ድካም ላለባቸው ሰዎች እንቅስቃሴ የሚሰጠው ጥቅም

የልብ ድካም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ደም የመርጨት ኃይሉ የተዳከመ ልብ ነው። ይሁን እንጂ ከልብ ድካም ታማሚዎች መካከል የግማሽ ያህሉ ችግር ከዚህ ይለያል። ልባቸው ደም የመርጨት አቅሙ ደኅና ቢሆንም ግድግዳው ስለሚደድር፣ በምትና በምት መካከል በሚገባ ላልቶ በደም መሞላት ያቅተዋል። ይህ ዓይነቱ ሕመም ዲያስቶሊክ የልብ ድካም ይባላል።

ሕመሙ በዕድሜ በገፉ ሰዎች፣ በተለይም በሴቶች፣ እንዲሁም የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመምና ከልክ ያለፈ ውፍረት ባለባቸው ላይ ይበዛል። ታማሚው ዐርፎ ሲቀመጥ ደኅና ሊመስል ይችላል፤ ዳገት ሲወጣ ወይም ዕቃ ተሸክሞ ከገበያ ሲመለስ ግን ትንፋሹ ያጥራል። ልብ ሲፈጥን የመሙያ ጊዜው ያጥራል፤ በደደረው ልብ ውስጥ የሚጨምረው ግፊትም ወደ ሳንባ ይመለሳል።

ቀደም ባለው ጊዜ ለልብ ድካም ታማሚ የሚሰጠው ምክር ዕረፍት ነበር። ዕረፍት ሲበዛ ግን ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ቀላሉ ሥራም ይከብዳል። በጀርመን በ64 ታማሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ይህን አመለካከት ለመቀየር አግዟል። ከእነርሱ 44ቱ ከተለመደው ሕክምና ጋር ለሦስት ወራት የብስክሌትና የጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ ሠሩ። ሰውነታቸው በከፍተኛ ጥረት ወቅት የሚጠቀመው ኦክስጅን በኪሎ ግራም ክብደት በደቂቃ ከ16.1 ወደ 18.7 ሚሊ ሊትር ከፍ አለ፤ ልምምድ ባልሠሩት 20 ታማሚዎች ላይ ግን መሻሻል አልታየም። ሌሎች ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ ከጥቅሙ ሰፊው ድርሻ የሚገኘው ጡንቻዎች ከደም ኦክስጅንን አሻሽለው መውሰድ በመቻላቸው ነው።

የእርሻ ሥራ የልምምድን ቦታ አይተካም። በእርሻና በአጨዳ ወቅት በአንዴ ይከብዳል፤ በሌላው ጊዜ ይቀራል። ልምምድ ግን በጥቂቱ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚያድግ ነው።

ታማሚው በቅድሚያ በሐኪም ሊመረመርና የእግር እብጠቱ በመድኃኒት ሊቀንስ ይገባል። ከዚያም ሜዳማ በሆነ መንገድ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በመራመድ ይጀምራል፤ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመረ በአብዛኞቹ ቀናት 30 ደቂቃ ወደ መራመድ ይደርሳል። እየተራመደ መነጋገር ከቻለ ፍጥነቱ ተገቢ ነው። ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ የእግር ጡንቻን ያጠነክራል፤ በዚህ ጊዜ ትንፋሽን ማፈን አይገባም።

የደረት ሕመም፣ ራስ ማዞር ወይም ዐርፎ የማይመለስ የትንፋሽ ማጠር ካጋጠመ ልምምዱን አቁሞ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በሦስት ቀናት ውስጥ 2 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት መጨመርም በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀሙን ሊያመለክት ስለሚችል ለሐኪም መነገር አለበት።

እንቅስቃሴ መድኃኒትንም ሆነ ጨው መቀነስን አይተካም። የሚያስገኘው ጉልበትም የሚቆየው ልምምዱ እስከቀጠለ ድረስ ነው።