መረብ ኳስ፦ «ነጥቡ የማን ነው?» እያላችሁ ለምትጣሉ



ሰሞኑን ድብ ባሕር ላይ የመረብ ኳስ ጨዋታ ቆሜ እያየሁ ነበር። ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ ግን አላለቀም። ወጣቶቹ አንድ ኳስ አሳረፉና «ነጥብ!» አሉ። በወዲያኛው በኩል ያሉት ጠና ያሉት ደግሞ «ሰርቩ የእኛ ነበር፤ ሰርቭ ብቻ ነው የምታገኙት፣ ነጥብ የለም» ብለው ድርቅ አሉ። ክርክሩ ወደ ስድብ ሄደ። በመጨረሻ ባለኳሱ ኳሱን በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። አለቀ።

የሚገርመው ሁለቱም የተማሩትን ነው የተናገሩት። በድሮው ሕግ ነጥብ የሚቆጠርለት ሰርቭ ለመታው ቡድን ብቻ ነበር፤ ጨዋታውም እስከ 15 ነበር። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ይህን የቀየረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። አሁን ሰርቩን ማንም ይምታው፣ ኳሷ በሞተች ቁጥር ለአንዱ ነጥብ አለ። ስለዚህ በዛሬው ሕግ ወጣቶቹ ልክ ነበሩ።

እስኪ ዋና ዋናውን እንይ።

🏐 አሸናፊው፦ አንድ ዙር በ25 ነጥብ ያልቃል፤ ግን የሁለት ነጥብ ልዩነት ያስፈልጋል። 25 ለ24 ከሆነ ይቀጥላል። ሦስት ዙር ቀድሞ ያሸነፈ ጨዋታውን ወሰደ። 2 ለ2 ከሆኑ አምስተኛው ዙር እስከ 15 ነው።

🏐 ሜዳው፦ 18 ሜትር በ9 ሜትር። የመረቡ ከፍታ ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነው። አንድ 105 በ68 የእግር ኳስ ሜዳ በስፋት ከ40 የመረብ ኳስ ሜዳ ይበልጣል። ከደባርቅ ሊማሊሞን ቁልቁል የወረደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ለጥ ያለ መሬት እንደልብ በማይገኝበት አገር ትንሽ ደልዳላ ቦታ ካለ መጫወት ይቻላል።

🏐 ሦስት ንክኪ፦ በአንድ በኩል ስድስት ተጫዋች አለ። ኳሷን ቢበዛ በሦስት ንክኪ ማሻገር አለባቸው፤ አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ያመቻቻል፣ አንዱ ይመታል። አንድ ሰው ሁለቴ አከታትሎ አይነካም። መረብ ላይ ዘሎ መከላከል (ብሎክ) ግን ከሦስቱ አይቆጠርም። ኳሷን ይዞ መወርወር ጥፋት ነው፤ በእግር መንካት ግን አልተከለከለም።

🏐 መዞር፦ ሰርቩን ከተጋጣሚ ስትወስዱ ስድስታችሁም በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ ትዞራላችሁ። ረጅሙን ልጅ ሁልጊዜ መረብ ስር ማቆም አይቻልም ማለት ነው። ከኋላ ያለ ተጫዋች ከመረብ በላይ ያለች ኳስ መምታት ከፈለገ ከሦስት ሜትሩ መስመር ኋላ ሆኖ ይዝለል።

ብዙ ጊዜ የሚያጣሉ ሦስት ነገሮችም አሉ።

👉 መስመር የነካች ኳስ ገብታለች።
👉 ሰርቭ መረብ ነክታ ተሻግራ ሜዳ ውስጥ ካረፈች ልክ ናት። ድሮ ጥፋት ነበር፤ አሁን አይደለም።
👉 ኳስ ሲጫወት መረቡን የነካ ተጫዋች ነጥብ ያስቆጥራል፤ ለተጋጣሚ!

በድሮው ሕግ መጫወት ሃጢአት አይደለም። ሰፈር ነው፤ ከተስማማችሁ እስከ 15ም ተጫወቱ። ችግሩ ግማሹ በድሮው፣ ግማሹ በአዲሱ ሲቆጥር ነው። ስለዚህ ሰርቭ ከመመታቱ በፊት ሁለት ነገር ተነጋገሩ፦ እስከ ስንት ነው? የሚዳኘውስ ማን ነው? የማይጫወት አንድ ሰው መረቡ ጋ አቁሙና ያለውን ተቀበሉ።

ሜዳው አንድ፣ ኳሱም አንድ ነው። ባለቤቱ ይዞት ከገባ የተሸነፋችሁት ሁላችሁም ናችሁ።

በእናንተ ሰፈር እስከ ስንት ነው የሚቆጠረው? 👇